ጣና ዳር ለማደር ከጣና መራቅ፦ ከጎንደር ባሕር ዳር በሞተር

ኅዳር ላይ በ150 ሲሲ ሞተር፣ ድንኳን ጭኜ፣ ከጎንደር ባሕር ዳር ወረድኩ። መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚቸኩል ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል፣ እኔ ሁለት ሌሊት አደርኩበት። «የጣና ዳር መንገድ» ሲባል ሰምቶ ውሃውን ከጎኑ እያየ የሚነዳ የመሰለው ይናደዳል። እኔም እስከ እንፍራዝ ድረስ ስነጫነጭ ነበር። ሐይቁ በስተቀኝ ርቆ ይቀራል። ግን መንገዱ ከውሃው የሸሸው በምክንያት ነው፦ በሐይቁና በመንገዱ መካከል ያለው ሜዳ ሲርስ የሚያጣብቅ ዋልካ አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል።

ጭነቱ ከመነሻው ካልተስተካከለ የቀረው ሁሉ ይበላሻል። ከባዱን ዕቃ (ውሃ፣ መፍቻ፣ ምግብ) ከወንበሩ ጎንና ጎን ዝቅ አድርጌ፣ ድንኳኑንና መኝታውን ከላይ አሰርኩ። ከባዱ ከኋላ ፖርታባጋሊዮ (ዕቃ መጫኛው) ላይ ከተከመረ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው ይርገበገባል። የኋላ ጎማውን 32፣ የፊቱን 25 ፒኤስአይ አስነፋሁ። የካቴናውን (የሰንሰለቱን) ውጥረት የምለካው ጭነቱ ተጭኖ፣ ሰው ከተቀመጠበት በኋላ ነው። ባዶውን ሳለ ልክ የመሰለ ካቴና ሞተሩ ሲጫን ይወጠራል፤ ወጥሮ የሄደ ካቴና ደግሞ ኩሽኔታ ይጨርሳል። መሀሉ ላይ በጣት ሲገፉት ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር መላወስ አለበት።

ቤንዚኑን ከጎንደር ሳልሞላ አልወጣም። በየመንገዱ በሃይላንድ የሚሸጠውን ከመግዛት በፊት ጠርሙሱን ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጦ ወደ ብርሃን ማየት ነው፤ ውሃ ካለበት ከታች ይለያል። ጠብታ መዳፍ ላይ ሲያፈሱት ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ይተናል፤ ቅባት ትቶ ከዘገየ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበታል። የመንገዱን ወሬ ደግሞ ከመናኸሪያ ሾፌሮች የተሻለ የሚያውቅ የለም። ጠዋት ከዚያ ነው የጠየቅሁት።

አዘዞና ማክሰኚት ያለ ወሬ አለፉ። እንፍራዝ አጠገብ ግን ወደ ጉዛራ ግንብ መውጣት ያስፈልጋል። ግንቡ በአፄ ሠርፀ ድንግል እንደተሠራ ይነገራል፤ እኛ ጎንደሬዎች ግንብ ሁሉ በፋሲል የተጀመረ ሲመስለን፣ ይህኛው ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1636 ሳትቆረቆር የቆመ ነው። ጣና ከዚያ ሆነው ሲያዩት ሙሉ ነው። ንዴቴም እዚያው ቀረ። ከአሞራ ገደል አጠገብ ያለውን ቁልቁለት በሦስተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ሳልይዝ ወረድኩ። ጭነት ይዞ ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሰው ከበሮው ይግልበትና ፍሬኑ መያዝ ያቆማል።

የመጀመሪያውን ሌሊት በአንድ ማረፊያ ግቢ አደርኩ። ለድንኳን መትከያ ብቻ የአልጋ ሙሉ ዋጋ፣ 600 ብር አስከፈሉኝ፤ ቧንቧው ግን ጠብታ አልነበረውም።

በማግሥቱ ወረታን አልፌ፣ ጉማራ ድልድይ ሳልደርስ ወደ ሐይቁ በሚወስድ ጥርጊያ ታጠፍኩ። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የድንኳን ካስማ አይዝም፤ ገመዱን በድንጋይ ማሰር ይሻላል። ሲርስ ደግሞ በፓራፋንጎ (በጭቃ መከላከያው)ና በጎማ መካከል ገብቶ እንደ ሊጥ ይጠቀጠቃል፤ ጎማው እስኪቆም ድረስ። የሞተሩ መቆሚያ ብረትም ስለሚሰምጥ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አደረግሁ።

ውሃው ዳር ሣር ያለበት ለጥ ያለ ቦታ መርጬ ድንኳን ስዘረጋ ከብት የሚያስገቡ አንድ አባት መጡ።

«ልጄ፣ የማን መንገድ ላይ ነው የምትተኛው?»

«መንገድ አለው እንዴ፣ አባባ?»

በዱላቸው ሣሩን ገለጥ አደረጉት። ሁለት ጎን ለጎን የተረገጡ ቦዮች፣ መሀላቸው ከፍ ያለ ሣር። ጉማሬ የግራና የቀኝ እግሮቹ ተራርቀው ስለሚረግጡ የሚተወው ዱካ እንዲህ ነው፤ ማታ ለግጦሽ በዚያው ወጥቶ በዚያው ይመለሳል። በእሱና በውሃው መካከል የተገኘ ደግሞ ለሕይወቱ ያሰጋዋል። ተነቅዬ ከእርሻቸው ዳር፣ ከቤታቸው አጠገብ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተከልኩ። ገንዘብ ብዘረጋላቸው ተቆጡ።

ከፍታው ለትንኝም ይበጃል፣ ግን አያድንም። ጎንደር ከሐይቁ ሦስት መቶ ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ያለ አጎበር ተኝተን የለመድን ሰዎች ነን፤ ጣና ዳር ኅዳር የወባ ወቅት ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ የድንኳኑን ዚፕ መዝጋት፣ ረጅም እጅጌ መልበስ፣ የሚቀባውን መቀባት። ከድንኳኑ ሥር የሚነጠፈው ሸራ ጠርዙ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ወደ ውስጥ ማጠፍም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሌሊቱን የወረደውን ጤዛ ሰብስቦ ከጀርባ ሥር ያፈሰዋል።

ጠዋት የኋላ ጎማው ተኝቶ ጠበቀኝ። የግራር እሾህ። ከመነዳሪውን (የውስጡን ጎማ) ቀይሬ የውጩን ጎማ ከመመለሴ በፊት ውስጡን በጨርቅ ዳበስኩት፤ እሾሁ በጣት ባይገኝም ጨርቅ ይይዘዋል። አንዱን ነቀልኩ፣ ጨርቁ ሌላ ቦታ ላይ እንደገና ተያዘ። ሁለተኛውን ሳልነቅል ብነሳ ኖሮ ሐሙሲት ሳልደርስ አዲሱም ከመነዳሪ ይፈነዳ ነበር።