አራት ክፋይ ብቻ በሚይዝ ዲስክ ላይ ሦስት ሥርዓተ ክወና

ዊንዶውስ 7 ባለው ላፕቶፕ ላይ ደቢያንና ኡቡንቱ የተባሉትን ሁለት የሊኑክስ ዓይነቶች ልጨምር ስነሳ ዲስኩ ሰፊ ነበር፤ የጠበበው ክፋዮቹ (ዲስኩ የሚከፈልባቸው ክፍሎች) የሚመዘገቡበት ሰንጠረዥ ነው። በ1983 ከፒሲ ዶስ 2.0 ጋር የመጣው ኤምቢአር፣ ማለትም ይህን ሰንጠረዥ የያዘው የማስነሻ መዝገብ፣ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ይይዛል። 446ቱ የማስነሻው ኮድ፣ 2ቱ የማረጋገጫው ምልክት ናቸው። ለሰንጠረዡ 64 ባይት ይቀራል፤ አንድ ክፋይ 16 ባይት ስለሚወስድ ከአራት በላይ አይገባም። አራቱም ተይዘው ነበር፦ 100 ሜጋባይት የማስነሻ ክፋይ፣ ዊንዶውስ ራሱ የተጫነበት ሲ፣ የመልሶ ማቋቋሚያው እና በስተመጨረሻ የአምራቹ መሣሪያዎች።

የዊንዶውስ ዲስክ ማስተዳደሪያ አምስተኛ ክፋይ ሲጠየቅ ዲስኩን «ዳይናሚክ» ወደሚባለው የዊንዶውስ የራሱ አከፋፈል ልቀይረው ይላል። እባካችሁ እሺ አትበሉት! የሊኑክስ ጫኚዎች እንዲህ ያለውን ዲስክ በወጉ አያስተናግዱም።

ፋይሎቼን ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጬ፣ መብራት ቢጠፋ እንዳያቋርጠኝ ባትሪውን ሞልቼ፣ ሲን ከራሱ ከዊንዶውስ ውስጥ አሳነስሁት። ከዚያ ከፍላሽ በተነሳ ጂፓርትድ በሚባል የክፋይ ማስተካከያ ፕሮግራም የአምራቹን ክፋይ ሰረዝሁ። ከሲ ቀጥሎ የተከፈተውና ከመጨረሻው ክፋይ የተለቀቀው ቦታ አይገናኙም፤ መሀላቸው መልሶ ማቋቋሚያው አለ። ግድ አልነበረኝም። ከተሰረዘው ክፋይ የፈለግሁት ስፋቱን ሳይሆን በሰንጠረዡ ውስጥ የያዘውን 16 ባይት ነበር። በዚያ ምትክ ከሲ ቀጥሎ የተራዘመ ክፋይ ፈጠርሁ፤ እሱ እንደ አንድ ይቆጠራል፣ በውስጡ ግን ብዙ ሎጂካዊ ክፋዮች ይይዛል። በሊኑክስ ቁጥራቸው ምንጊዜም ከ5 ይጀምራል።

ሊኑክስ ከሎጂካዊ ክፋይ ያለ ችግር ይነሳል። ዊንዶውስ ማስነሻ ፋይሎቹን ዋና ክፋይ (በሰንጠረዡ በቀጥታ የተመዘገበ) ላይ ስለሚፈልግ የእሱን አልነካሁበትም። ለ128 ክፋዮች ቦታ ያለው ጂፒቲ የሚባለው አዲሱ የሰንጠረዥ ዓይነት የተሻለ ነው፤ ዊንዶውስ ግን ከጂፒቲ የሚነሳው በዩኢኤፍአይ (ኮምፒውተሩን በሚያስነሳው አዲሱ ፕሮግራም) ብቻ ነው፣ የእኔ ላፕቶፕ ደግሞ የቀድሞው ባዮስ ብቻ ነበረው። ዩኢኤፍአይ ያለው ሰው በኤምቢአር አይልፋ።

የሰንጠረዡን ቅጂ ስታስቀምጡ የመጀመሪያውን 512 ባይት መገልበጥ አይበቃም፤ ሎጂካዊ ክፋዮች እዚያ አልተጻፉም፣ እንደ ሰንሰለት ተያይዘው በተራዘመው ክፋይ ውስጥ ተበትነዋል። ኤስኤፍዲስክ የሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ሁሉንም በአንድ የጽሑፍ ፋይል ያወጣል።

ደቢያንን አስቀድሜ ኡቡንቱን መጨረሻ ስለጫንሁ የኡቡንቱ ግሩብ (የማስነሻ ምርጫ የሚያሳየው ፕሮግራም) ሦስቱንም ሰብስቦ ዘረዘረ። ደቢያን ላይ አዲስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ሲገባ ኡቡንቱን አስነስቼ ዝርዝሩን አሳድሳለሁ፤ ያለዚያ ደቢያን በአሮጌው ከርነል ይነሳል።