ዘፋኙ ሄዶ ባንዱ ሲቀር፦ የስ እና የ1980ው "ድራማ"

ባህር ዳር ላይ ሮክ ሚሰማ ሰው በጣት ሚቆጠር ነው፣ ከነሱ ውስጥ የሰባዎቹን የእንግሊዝ ፕሮግረሲቭ ሮክ (ያን ረጃጅምና ውስብስብ ሮክ) ሚሰማው ደሞ ከዛም ያንሳል፣ ስለዚህ ይሄን ማን እንደሚያነበው እግዜር ይወቅ፣ ግን ሰሞኑን ጆሮዬ ላይ ተጣብቆ አልለቅ ያለኝ አልበም አለና ልተንፍሰው። የስ ሚባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው "ድራማ" ነው። ስድስት ዘፈን ብቻ፣ አርባ ደቂቃ እንኳን አይሞላም፣ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ተነስቼ በእግሬ ቀስ እያልኩ ሃይቅ ዳር ስደርስ ያልቃል።

ለማታውቋቸው ባጭሩ፣ የስን በ1968 ለንደን ላይ የመሰረቱት ዘፋኙ ጆን አንደርሰንና ቤዝ ጊታሪስቱ ክሪስ ስኳየር ናቸው። በሰባዎቹ እንደ ጉድ ገነኑ፣ አንድ ዘፈን የሸክላውን አንድ ሙሉ ፊት ሚይዝበት ዘመን ነበር፣ የ1972ቱ "ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ" አስራ ስምንት ደቂቃ ነው፣ እኛ ሰፈር አስራ ስምንት ደቂቃ ሚፈጅ ሙዚቃ ሰርግ ላይ ካልሆነ አይታሰብም። አንደርሰን ድምፁ ቀጭንና ከፍ ያለ ነው፣ እንዲሁ ሰማይ ላይ ተንሳፍፎ ሚዘፍን ነው ሚመስለው፣ ለብዙ ሰው የስ ማለት ያ ድምፅ ነው። ኪቦርድ ላይ ደሞ ሪክ ዌክማን አለ፣ ካባ ለብሶ በኪቦርድ ተከቦ ሚቆም ሰውዬ፣ ፎቶውን አይታችሁ ይሆናል።

በ1979 መጨረሻ አዲስ አልበም ሊሰሩ ፓሪስ ገቡ። ፕሮዲውሰሩ ከኩዊን ባንድ ጋ የሰራው ሮይ ቶማስ ቤከር ነበር። አልሆነም። አንደርሰንና ዌክማን ሚፈልጉት ሌላ፣ ሌሎቹ ሚፈልጉት ሌላ፣ በዛ ላይ ድራመሩ አለን ዋይት እግሩ ተሰበረና ስራው ቆመ። በ1980 መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ጥለው ወጡ። የቀሩት ሶስት፦ ስኳየር፣ ዋይትና ጊታሪስቱ ስቲቭ ሃው። ድምፅም የለ ኪቦርድም የለ።

እና ማንን አመጡ? በግልስን! ያን "ቪዲዮ ኪልድ ዘ ሬዲዮ ስታር" ሚለውን የፖፕ ዘፈን በ1979 እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ያደረጉትን ሁለት ልጆች፣ ትሬቨር ሆርንና ጄፍ ዳውንስን። ምነው ሸዋ! ሁለቱም ባንዶች ማናጀራቸው አንድ ሰው ነው፣ ብራያን ሌን፣ ልጆቹ መጀመሪያ የመጡት ለየስ ሚሆን ዘፈን ይዘው ነበር፣ ከዛ አብረው ሲለማመዱ ሲለማመዱ በዛው አባል ሆነው ቀሩ። የደጋፊውን ብስጭት አስቡት። አስራ ስምንት ደቂቃ በአርምሞ ሲሰማ የኖረ ሰው የፖፕ ልጅ መጥቶ የአንደርሰን ማይክ ላይ ሲቆምበት።

የ1980 ነገር ግን ይገርማል። ብላክ ሳባዝ ዘፋኙን ኦዚን አሰናብቶ በሮኒ ጄምስ ዲዮ "ሄቨን ኤንድ ሄል"ን ያወጣው በዚሁ አመት ነው፣ ኤሲ ዲሲም ዘፋኙ ቦን ስኮት በየካቲት ሞቶ በሐምሌ በብራያን ጆንሰን "ባክ ኢን ብላክ"ን አወጣ። ሁለቱ ዛሬም ድረስ ይዘፈንላቸዋል። "ድራማ" ግን በነሐሴ ወጥቶ እንግሊዝ ውስጥ ሁለተኛ፣ አሜሪካ አስራ ስምንተኛ ደረጃ ድረስ ደረሰና ከዛ ዝም። ለአመታት እንደ እንጀራ ልጅ ነበር ሚታየው።

እኔ ደሞ እንዲህ እላለሁ፣ እኛ አማርኛ ሙዚቃ ላይ ያደግን ሰዎች ይሄን አልበም ከነሱ በተሻለ ልንሰማው እንችላለን። እኛ ጋ ዘፋኝ ተቀየረ ብሎ ባንድ ፈረሰ ሚል ሰው የለማ። ሮሃ ባንድን ውሰዱ። ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ላይ፣ ሰላም ስዩም ጊታር ላይ፣ ፊት ለፊት ማህሙድ አህመድ ይቁም ኤፍሬም ታምሩ ይቁም ነዋይ ደበበ፣ ካሴቱ ሲገባ ገና ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ሮሃ መሆኑን ታውቃለህ። ዋልያስ ባንድም እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዶ ለሁለት ሲከፈል ወሬው እነ ኃይሉ መርጊያ እዛው ቀሩ ነበር፣ ተጫዋቾቹ ማለት ነው። ካሴቱ ላይ ፎቶው የዘፋኙ ነው፣ ስሙም በትልቁ ሚፃፈው የሱ ነው፣ ድምፁን ድምፅ ያደረጉት ግን ከኋላ የቆሙት ናቸው፣ ይሄን እናታችንም ታውቀዋለች ስሙን ባትጠራውም።

በነገራችን ላይ "ድራማ" የወጣው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1980 ነው፣ በኛ ስቆጥረው ነሐሴ 12 ቀን 1972 ሆነ፣ የቡሄ ዋዜማ! ሆያ ሆዬ ስንጨፍር አውራጁ ድምፁ ከተዘጋ ወይ እናቱ ከጠራችው ሌላ ልጅ ገብቶ ያወርዳል፣ "ሆ" ሚለው ግን ያው ነው፣ ዱላው መሬት ሚመታበት ምት ያው ነው፣ አውራጁ ተቀየረ ብሎ ሙልሙል ሚከለክል ቤት አላየሁም።

ወደ ሙዚቃው። መክፈቻው "ማሽን መሳያ" አስር ደቂቃ ከምናምን ነው። ሲጀምር የሃው ጊታር ከብዶ ዝግ ብሎ ይገባል፣ ሄቪ ሜታል ነው እንዴ ትላለህ፣ የስ እንዲህ ከብዶ አያውቅም። ከዛ ይረጋና አኩስቲክ ጊታር ይመጣል፣ በላዩ ላይ ድምፅ። እና እዚህ ጋ ነው ነገሩ፣ ምትሰማው ሆርንን ብቻ አይደለም፣ ስኳየርን ነው። ስኳየር በልጅነቱ የቤተክርስቲያን ኳየር ውስጥ ያደገ ሰው ነው፣ በአንደርሰን ዘመን ሁሉ ከስር ሆኖ ሚቀበለው እሱ ነበር፣ ማንም ልብ አላለውም እንጂ። ላይኛው ድምፅ ሲነሳ ስረኛው ታየ። ሆርን አንደርሰንን ለመምሰል ትንሽ ይሞክራል፣ አልዋሽም፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ጉሮሮው ሲጨነቅ ይሰማል፣ ግን ከስኳየር ጋ ሲጣመር ሚወጣው ነገር ራሱ የስ ነው፣ ዓይንህን ጨፍነህ ብትሰማው ማን እንደጎደለ አትለይም።

"ዋይት ካር" አንድ ደቂቃ ትንሽ አለፍ ትላለች፣ ሳትጀምር አለቀች፣ እለፏት። "ኢንቱ ዘ ሌንስ" ላይ እኔ እዝላለሁ፣ በግልሶች ይዘውት የመጡት ዘፈን ነው፣ በኋላ ራሳቸው በ1981 አሳጥረው "አይ አም ኤ ካሜራ" ብለው በበግልስ ስም አወጡት፣ እና እውነት ለመናገር ያኛው ይሻላል። "ረን ስሩ ዘ ላይት" ላይ ደሞ አስቂኝ ነገር አለ፣ ቤዝ ሚጫወተው ሆርን ነው፣ ስኳየር ፒያኖ ላይ ቁጭ ብሏል። በአጋጣሚ ይሁን አላውቅም ከአልበሙ ሁሉ ደካማው እሱ ነው። ባንዱን ባንድ ያደረገውን ሰውዬ ከቦታው አንስተህ ፒያኖ ላይ ስታስቀምጠው ምን ትጠብቃለህ?

አሁን ቤዙ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዛ ነው ያለው።

አንድ ጓደኛ አለኝ፣ እዚሁ ከተማ ሆቴል ውስጥ ባንድ ላይ ቤዝ ሚጫወት። ሮክ ሲባል ፊቱን ያጨማድዳል፣ "ጩኸት ነው" ይላል፣ በቃ። እሁድ ከሰዓት ሃይቁ ዳር ዓሣ ልንበላ ተቀመጥን፣ ከዘጌ ሚመለሱት ጀልባዎች ሞተር ይጮሃል፣ ነፋሱም አለ፣ ለብለቡ እስኪመጣ ብዬ ትንሿን ብሉቱዝ ስፒከር ጠረጴዛው ላይ አቁሜ "ቴምፐስ ፉጂት"ን ከፈትኩበት። የመጨረሻው ዘፈን ነው፣ አምስት ደቂቃ ገደማ፣ ፈጣን ነው በጣም ፈጣን። ስኳየር ሪከንባከር ሚባለውን ቤዙን በጣቱ ሳይሆን በክር መምቻዋ በፒክ ነው ሚመታው፣ ድምፁ ብረት ብረት ይላል፣ በላዩ ላይ ኢፌክት አለበት ሽው ሽው ሚል፣ እና ቤዙ ስር ሆኖ አይጠብቅም፣ ፊት ፊት ነው ሚሮጠው፣ ጊታሩ እየዘለለ ጣል ጣል ያደርጋል፣ ድራሙ ደሞ ከቤዙ ጋ ተቆላልፎ አንድ ሰው ሚጫወታቸው ነው ሚመስለው።

ልጁ ዓሣው መጥቶ እንኳን እጁን አልዘረጋም። ስፒከሩን አንስቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

"ይሄ ሰውዬ ቤዝ ነው ሚጫወተው ወይስ ሊድ ጊታር?"

"ቤዝ።"

"ውሸትህን ነው። ድገመው እስቲ።"

ደገምኩት። እንደገና ደገምኩት። ከጎናችን የተቀመጡት ባልና ሚስት ዞር ብለው አዩን፣ ይቅርታ ብዬ ትንሽ ቀነስኩ፣ እሱ መልሶ ጨመረው። ከዛ ነገርኩት፣ ዘፋኙና ኪቦርዲስቱ ጥለው ሄደው እኮ ነው ይሄን የሰሩት፣ ደጋፊው ሁሉ ባንዱ አለቀ ብሎ ነበር አልኩት። ምንም አልገረመውም። "እና? እኛ ጋ ዘፋኝ በየሁለት ወሩ ነው ሚቀየረው፣ ትንሽ ስሙ ሲነሳ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ አዲሱ ሲመጣ በየትኛው ከፍታ እንደሚዘፍን ጠይቀን ዘፈኑን ለድምፁ እናስተካክልለታለን፣ ሰው መጠጡን ይጠጣል ይጨፍራል፣ ማን ያውቃል?" አለኝ። ከዛ ቀጠለና "ድራመሩ የሄደ ቀን ነው ጉድ ሚፈላው" አለ። እኔ እዚህ ስንት አንቀፅ የፈጀሁበትን ነገር ዓሣ እየበላ ጨረሰው።

ከዛ ሌላ ደሞ "ደዝ ኢት ሪሊ ሃፕን" አስደሰተው። እሱም በቤዝ የተሰራ ዘፈን ነው፣ አለቀ ብለህ ስትዘጋጅ ተመልሶ ይመጣና ስኳየር ብቻውን ሚፈነጭበት ክፍል አለው። ይሄን ዘፈን ከአንደርሰን ጋ እያሉ ነው የጀመሩት፣ ስለዚህ ዘሩ ከጓዳው ነበር ማለት ነው፣ በግልሶች ያመጡት ጉልበትና ችኮላ ነው፣ አስራ ስምንት ደቂቃውን አምስት ደቂቃ ውስጥ መጠቅጠቅ።

መድረክ ላይ ግን ነገሩ ተበላሸ። አሜሪካ ላይ ደህና ነበሩ፣ ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ሶስት ምሽት ተጫውተዋል። እንግሊዝ ሲመለሱ ግን ሰው አንደርሰንን እየጠራ ይጮህባቸው ጀመር። ሆርንም በየምሽቱ የአንደርሰንን ከፍታ መሸከም ከበደው፣ ድምፁ አልቻለም። አልበሙ ላይ ከራሱ ዘፈን ጋ ነው ሚታገለው፣ መድረክ ላይ ግን የሌላ ሰው አስር አመት ነው የተጫነበት፣ እኔ አልፈርድበትም። የአመቱ መጨረሻ ላይ ቱሩ ሲያልቅ ባንዱም አለቀ፣ በ1981 ተበተኑ።

ከዛ በኋላ የሆነው ደሞ ሌላ ጉድ ነው። ሃውና ዳውንስ ሄደው ከጆን ዌተንና ከካርል ፓልመር ጋ ኤዥያ ሚባል ባንድ መሰረቱ፣ የ1982 የመጀመሪያ አልበማቸው አሜሪካ ላይ ለዘጠኝ ሳምንት አንደኛ። ሆርን ማይኩን ጥሎ ፕሮዲውሰር ሆነ፣ ከሰማንያዎቹ ትላልቅ ፕሮዲውሰሮች አንዱ፣ ፍራንኪ ጎዝ ቱ ሆሊዉድ ሚባለውን ባንድና ዘፋኙን ሲልን የሰራ ሰው ነው። እና ያ መድረክ ላይ የተጮኸበት ሰው በ1983 ተመልሶ መጥቶ እንደገና ለተሰባሰበው የስ "90125"ን ፕሮዲውስ አደረገላቸው፣ አንደርሰን ተመልሶ ዘፈነበት፣ "ኦውነር ኦፍ ኤ ሎንሊ ሃርት" አሜሪካ ላይ አንደኛ ወጣ፣ ታሪካቸው ውስጥ እዛ የደረሰ ዘፈን ሌላ የላቸውም። ያን ጊዜ በ1980 በግልሶች ይዘውት መጥተው አልበሙ ላይ ያልገባችው ዘፈን እንኳን አልጠፋችም፣ በ2011 "ፍላይ ፍሮም ሂር" ሚለው አልበም የቆመው በሷ ላይ ነው፣ በ2018 ደሞ ሆርን ራሱ በድምፁ ደግሞ ዘፈነበትና እንደገና አወጡት። ስኳየር ያን አላየም፣ በ2015 አርፏል።

"90125"ንም ለጓደኛዬ አሰማሁት፣ በሚቀጥለው እሁድ፣ ትልቁን ዘፈን። እስከመጨረሻው ሰማውና ስፒከሩን ወደኔ ገፋ አድርጎ "ዘፋኙ ተመለሰ፣ ጥሩ፣ ቤዙን ግን የት ደበቁት?" አለኝ።