ቁልቁል ወደ አባ ሳሙኤል

ከሳሪስ እስከ አቃቂ መንገዱ ቁልቁለት ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው ልብ አይለውም። ሳይክል ላይ ሲሆኑ ግን እግር ወዲያው ያውቀዋል። አዲስ አበባ ጠቅላላዋ ወደ ደቡብ ያዘመመች ከተማ ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ ደግሞ 2,100 አካባቢ። በመሀል የሚዘንበው ዝናብ፣ የልብስ እጣቢው፣ ከየፋብሪካው የሚለቀቀው ፍሳሽ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ይወርድና አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኛል። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ እኔና የሥራ ባልደረባዬም በዚያው ቁልቁለት ወረድን።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው የተነሳነው። ምክንያቱ ሲኖትራክ ነው። አሸዋና ጠጠር ጫኞቹ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ከቃሊቲ በታች ሳይክል የሚነዳ ሰው ነፍሱን የጠላ ነው። ብርዱ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል፤ እኛ አጥንቱን ከየት እናምጣው? አቃቂ ከተማ ሻይ በቦምቦሊኖ ጠጥተን እጃችንን ብርጭቆው ላይ አሞቅን።

አስፋልቱን ትተን ወደ ደቡብ ምዕራብ የጥርጊያውን መንገድ ስንይዝ ጫጫታው በአንዴ ቀረ። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ነፋስ ሲነካው ይተኛና መልሶ ይነሳል። አደይ አበባ ጊዜዋ እያለፈ ቢሆንም በየማሳው ዳር ቢጫዋን አልለቀቀችም። ልጆች ከየግቢው እየሮጡ ይወጣሉ። ለጓደኛዬ እጃቸውን ያውለበልቡለታል፤ እኔን ሲያዩ ግን «ሴት ናት! ሴት ናት!» እያሉ ይጠራራሉ። ከተማ ውስጥም ያው ነው፣ እዚያ ግን እንዲህ በደስታ አይደለም የሚሉት።

መረሬ አፈር የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሆነውን ይገምታል። ዝናቡ ካቆመ ቢሰነብትም ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ ጭቃ ነበር። ጎማው ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ ፓራፋንጎው ሥር ይሞላል፣ ከዚያ ጎማው አልዞርም ይላል። በእንጨት እየፋቅን ትንሽ ሄድን፣ ቀጥሎ ሳይክሉን መሸከም ሆነ። በሬዎች የሚነዱ አንድ አዛውንት ቆም ብለው አዩን። የኔ ኦሮምኛ ከ«አካም ጅርቱ» ብዙም አያልፍም፤ እሳቸው በአማርኛ ቀጠሉልኝ። «ልጄ፣ ሳይክሉ ነው አንቺን የሚሸከምሽ ወይስ አንቺ ነሽ እሱን?» አሉኝ። ከዚያ በእርሻ ድንበር የሚያልፍ ደረቅ የእግር መንገድ አሳዩን። እሳቸውን ባናገኝ ከሐይቁ ሳንደርስ እንመለስ ነበር።

ሐይቁን መጀመሪያ ያየነው ከጉብታ ላይ ነው። ጓደኛዬ «ውኃው የታለ?» አለ። እውነቱን ነው፣ ከፊታችን የተንጣለለው ወይን ጠጅ አበባ የፈነዳበት አረንጓዴ መስክ ነበር። እንቦጭ ነው። እንቦጭን በጣና ብቻ የሚያውቅ ሰው አባ ሳሙኤልን ቢያይ ይደነግጣል። ክፉነቱ ደግሞ ማማሩ ነው፤ ፎቶ ያነሳሁትን ለሰው ሳሳይ ሁሉም «እንዴት ያምራል!» ይለኛል። ሽታው በፎቶ አይታይም። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር ሻርፔን አፍንጫዬ ላይ አሰርኩ። ወፎቹ ግን ግድም የላቸው። ክፍት ውኃው ላይ ፔሊካኖች ተሰልፈው ይንሳፈፋሉ፣ ዳር ዳሩን የግብፅ ዝይ ይጯጯሃል።

ሐይቁን ልክ በዳሩ ልዙር የሚል ሰው አይችልም። ረግረጉ ሲመጣ ወደ ማሳ መውጣት ነው፣ ከዚያ መመለስ፣ እንደገና መውጣት። አትክልት በሚለማበት በኩል ስናልፍ ሰላጣውና ጎመኑ ለምልሟል። የሚጠጣው ያንኑ ውኃ ነው፤ ተመልሶ የሚሸጠውም እኛው ከተማ ነው። ገበሬውን ምን ልበለው? ወንዙን እንዲህ አድርገን የላክንለት እኛ ነን።

ግራር ሥር አረፍ ስንል የኋላ ጎማዬ እሾህ በልቶ ተኝቶ ጠበቀኝ። እዚያ ጎሚስታ የለም። ካላማዳሪውን አውጥተን፣ ቀዳዳውን በምራቅ ፈልገን፣ ለጥፈን፣ ነፋን። ምሳችን ዳቦና ቆሎ ስለነበር ጓደኛዬ በግራ እጁ እየቆረጠመ በቀኝ እጁ መንፊያውን ይገፋ ነበር።

ግድቡ ጋ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። የተሠራው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ በሀገራችን ካሉት ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀመረ። ጉልበቱ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። የዓባይ ግድብ ከ5,000 በላይ በሆነበት ዘመን ቁጥሩ ያስቃል፤ ግን አዲስ አበባ አንድ ወቅት መብራቷን ከዚህ ነበር የምትጠብቀው። ውኃው ከዚህ ወጥቶ ወደ አዋሽ ይሄዳል።

መመለሻው፣ እንግዲህ፣ ሁሉም ዳገት ነው። ጠዋት በነፃ ያገኘነውን ቁልቁለት አንድ በአንድ አስከፈለን። አቃቂ ስንደርስ ጓደኛዬ አንድ ባዶ አይሱዙ አስቆመና ከሾፌሩ ጋር ዋጋ መከራከር ጀመረ። እኔ እስከ ሳሪስ እነዳለሁ ብዬ ነበር። ቃሊቲ ዳገቱን ቀና ብዬ አየሁት፣ የሲኖትራኩን ሰልፍ አየሁ፣ ሳይክሌን አንስቼ ሰጠሁት። ኅዳር ላይ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከሰሜን የሚፈልሱት ባለ ረጃጅም እግር ወፎችም ማሳው ላይ ሲያርፉ፣ ደግሜ እሄዳለሁ። ጓደኛዬ መሄጃውን ብቻ እመጣለሁ ብሏል።