318 ብላቴኖችና መስቀሉ

«የበርናባስ መልእክት» የተባለው ጥንታዊ የግሪክኛ ጽሑፍ በምዕራፍ 9 የአብርሃምን ግዝረት ሲተረጉም መጀመሪያ ሁለት ቦታ ያጣምራል፦ 318 የሚለውን ቁጥር ከዘፍጥረት 14፥14፣ ግዝረቱን ከ17፥23፤ በዚህም አብርሃም 318 ሰዎችን ገረዘ ይላል። ቀጥሎ 318ን በግሪክ ፊደል ይጽፋል፤ በግሪክኛ ፊደላት እንደ ቁጥርም ያገለግላሉና። ዮታ 10፣ ኤታ 8፤ የኢየሱስ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። ታው 300 ሲሆን ቅርጹ መስቀል ነው። ጸሐፊው ከዚህ የላቀ ትምህርት እንዳላስተማረ ይናገራል፤ በቁጥር መጫወት ሳይሆን እምነቱ ነበር።

ሆኖም 318ቱ ሎጥን ሊያስመልሱ የዘመቱት ናቸው፤ ምዕራፍ 17 የተገረዙትን አይቆጥርም። በዕብራይስጥ ፊደልም ስሌቱ አይሠራም።

ቁጥሩ ግን ዘለቀ፦ የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኒቅያ ጉባኤን 318 አባቶች፣ የእኛን «ሠለስቱ ምዕት»፣ ከአብርሃም ዘማቾች ጋር አያይዟል።