ፋ ጠፋች

ኪቦርዴ መታመሙን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው፤ ጥፋቱም የትዝታ ቅኝት ነው። ከዶ ተነስቼ ትዝታ ስጫወት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እንጂ ፋን የምነካበት ምክንያት የለም። ሶል አልፎ አልፎ ስትጮህብኝ ደግሞ የጣቴ ክብደት መስሎኝ ነበር። ጉዱ የፈላው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ አንድ ሰርግ ላይ ዘፋኙ ፋ ያለችበትን ቅኝት፣ አምባሰልን፣ ተጫወት ሲለኝ ነው። መሀል ላይ ያለችውን ፋ ብጫን ዝም!

ያሳየሁት ጠጋኝ ሳይከፍተው «ቦርዱ ተቃጥሏል» አለኝ። ከ61 ቁልፍ 60ው እየጮኸ ይሄ አልዋጥልህ ስላለኝ ቤት ወስጄ ልፈታው ተነሳሁ። እናቴ «መፍታቱንስ ትፈታዋለህ፣ የሚገጥመው ማን ነው?» ስትል እንዳልሰማ ሆንኩ።

ፎጣ ላይ ገልብጬ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈታሁ፤ ረጅሙን በአንድ ስኒ፣ አጭሩን በሌላ። ከቁልፎቹ ስር ለስላሳ ጎማ ተነጥፏል። በየቁልፉ ስር ውስጡ ጥቁር ካርቦን ያለበት ሁለት ቦታ አለ። ቁልፉን ስትጫን አንዱ ካርቦን ቀድሞ ቦርዱን ይነካል፣ ሌላው ይከተላል። መሣሪያው በኃይል ይሁን በቀስታ መምታትህን የሚያውቀው በሁለቱ መካከል ያለችውን ቅጽበት ለክቶ ነው። ለካ ሶልም ታማ ኖሯል! የመጀመሪያው ንክኪ በቆሻሻ ሲዘገይ ቅጽበቷ ታጥራለች፤ ኪቦርዱ በቡጢ የመታሁት ይመስለዋል።

ጎማውን ገለጥ ሳደርግ ማታ መብራት አይተው የሚመጡት የሐይቁ ጥቃቅን ነፍሳት ክንፍ፣ አቧራ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የደረቀ ለስላሳ መጠጥ ተጋግሯል። ማን እንዳፈሰሰው አልጠይቅም፤ ሰርግ ነው። ስኳር በንጹሕ አልኮል ብዙም አይሟሟም። ከፋርማሲ የገዛሁት 70 በመቶው ግን ውሃ ስላለበት በጥጥ ቀስ እያልኩ ሳብሰው ለቀቀ። ከዚያ እስኪደርቅ ሌሊቱን ሙሉ ተውኩት።

የተሳሳትኩት ፋ ላይ ነው። ጓደኛዬ «በላጲስ እሸው» ብሎኝ የጎማውን ካርቦን ፈተግኩት። ላጲሱ ጠቆረ፣ ካርቦኑ ሳሳ። የቦርዱን ንክኪ ቀስ ብሎ ማሸት ሌላ ነገር ነው፣ ጎማው ግን ከጥጥ በቀር ምንም ሊነካው አይገባም ነበር። ደግነቱ ጎማው ወጥ አይደለም፣ በየኦክታቩ፣ ማለትም በየአሥራ ሁለት ቁልፉ፣ ተቆርጦ ነው የተሠራው። የመሀሉን ከላይኛው ኦክታቭ ጎማ ጋር አቀያየርኩት።

ገጥሜ ስሞክረው ሦስት ቁልፎች ተንገዳገዱ። የጎማው ትናንሽ እግሮች በቦርዱ ቀዳዳ በደንብ ሳይገቡ ዘግቼው ነው። እናቴ ሳታይ መልሼ ፈታሁት፤ እግሮቹን ከጀርባ በወረንጦ አንድ በአንድ ሳብኩ።

አሁን መሀሉ ላይ ያለችው ፋ ትናገራለች። የላይኛዋ ፋ ግን ካልደበደቧት አትሰማም። ዘፋኛችን እዚያ ድረስ ስለማይወጣ እስካሁን አላወቀም።