ነፋሱ ሳይነሳ፦ ቢሾፍቱና ቆቃ ላይ በታንኳ

ቆቃ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ውሃው የነፋስ ነው። ሲነጋ ጸጥ ብሎ የተኛው ሐይቅ፣ ፀሐይ የዳሩን መሬት ማሞቅ ስትጀምር ቀስ በቀስ ይነቃል፤ 5 ሰዓት ሲል ጫፉ የነጣ ሞገድ የታንኳውን ጎን መምታት ይጀምራል። ጉማሬው ከግጦሽ የሚመለሰው፣ ቆሮሶ የሚባለው አሣ (ቲላፒያ) ወደ ዳር ወጥቶ የሚበላው፣ ወፉ ሁሉ የሚራወጠው ከዚያ በፊት ነው። 3 ሰዓት ላይ እዚያ የሚደርስ ሰው የቀኑን ምርጥ ክፍል መንገድ ላይ ጨርሶታል።

ስለዚህ ከአቃቂ፣ ከቃሊቲ ወይም ከቱሉ ዲምቱ የምትነሱ ከሆነ ወይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መውጣት፣ ወይ ማታውኑ ሄዶ ቢሾፍቱ ወይም ሞጆ ማደር ነው። ማደሩ ይሻላል። ሲቀዝፍ የዋለ ሰው እንቅልፍም ካጣ፣ ከሰዓት በኋላ ፈጣን መንገዱ ላይ መሪ መያዝ የለበትም።

የአዲስ አበባ ዳርቻ ላይ ውሃ አለ፤ ሁሉም ግን ለታንኳ አይሆንም። ገፈርሳና ለገዳዲ የከተማው የመጠጥ ውሃ ናቸው፤ ወፍ ለማየት በዳር መቆም እንጂ ጀልባ ማስገባት አይታሰብም። ለአቃቂ ሰው የሚቀርበው አባ ሳሙኤል ነው። በአገራችን ቀደምት የሆነው የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት ይህ ግድብ ዛሬ የአዲስ አበባን ፍሳሽ፣ የፋብሪካውን ጭምር፣ በአቃቂ ወንዝ በኩል ይቀበላል። እምቦጩ በመቅዘፊያው ላይ ይጠመጠማል፤ ከእምቦጩ መሀል ወጥቶ መመለስ ከመግባቱ ሦስት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። ለወፍ ተመልካች ጥሩ ቦታ ነው፤ ከዚያ የወጣ አሣ ግን ለገበታ አይቅረብ።

ቢሾፍቱ የመማሪያ ቦታ ነው። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ ናቸው፤ ዙሪያቸው ያለው ገደል ነፋሱን ይሰብራል፣ ስለዚህ ለጀማሪ ክንድ ይስማማሉ። ያው ገደል ግን ውሃ ውስጥም ይቀጥላል። ከዳር ጥቂት እንደተራቁ መሬቱ ይጠፋል፤ ቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። «ዳር ዳሩን ነው የምንሄደው» ብሎ የሕይወት አድን ጃኬቱን ማውለቅ እዚህ ትርጉም የለውም፤ ዳሩም ጥልቅ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። በጠራው ሰማይ ሌሊት የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ይሰምጥና ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውሃ ወደ ላይ ይመጣል። ያን ቀን አሣ አፉን ከፍቶ ላይ ላዩን ሲያጣጥር ወይም ሞቶ ሲንሳፈፍ ይታያል። ለቅሞ መውሰድ አይገባም፤ መቼ እንደሞተ አይታወቅም።

ቆቃ ሌላ ዓለም ነው። በአዋሽ ላይ በ1960 እንደ ፈረንጆቹ የተገነባው ግድብ የፈጠረው ሰፊና ዳሩ ዝርግ ውሃ ነው። ጉማሬም አዞም አለበት። ከክረምቱ ማግስት ይሞላል፣ በበጋው እየተጠቀሙበት ይሸሻል፤ ውሃው የለቀቀው ጭቃ ላዩ ደርቆ ውስጡ ረግረግ ስለሆነ መኪናውን ሣር ያለበት ላይ አቁሙና ታንኳውን ተሸክማችሁ ውረዱ። ምርጡ ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው፤ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ከሰሜን የሚሸሹት ስደተኛ ወፎችም ያኔ እዚህ ናቸው።

እዚህ ያለ መሪ አይገባም። መሪ ስንል ደግሞ ሆቴል በር ላይ የሚጠብቀውን ሳይሆን በየቀኑ መረብ የሚጥለውን የአካባቢውን አሣ አስጋሪ ነው። ሲያገኙት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ጋሼ፣ ጉማሬዎቹ ትናንት የት ዋሉ?» ቦታውን በእጁ ጠቁሞ፣ ስንት እንደሆኑና ግልገል ያላት እናት መኖር አለመኖሯን ከነገራችሁ ከእሱ ጋር ግቡ። «አይነኩም፣ አትፍሩ» የሚል መልስ ከሰጣችሁ አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ። ከአስጋሪዎቹ ብዙዎቹ ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለሆኑ ሁለት ቃል ይዛችሁ ሂዱ፦ ሮቢ ጉማሬ ነው፣ ናቻ አዞ። ከሩቅ ጀልባ ላይ «ሮቢ!» የሚል ድምፅ ስትሰሙ ትርጉም ለመጠየቅ ጊዜ የለም።

ጃኬቱን ዳር ላይ ሞክሩት። ማሰሪያዎቹን ሁሉ አጥብቁና ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ያለውን ጨርቅ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ ይጎትት። ጃኬቱ አገጫችሁን አልፎ ወደ ጆሮ ከወጣ፣ ውሃ ውስጥም እንዲሁ ይወጣና እናንተን ከሥር ይተዋችኋል። አነስ ባለ ለውጡት። ለአዋቂ የተሠራ ጃኬት ልጅ ላይ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚሆነው።

ሁለት ሰው የሚይዘው ታንኳ ሲጫን ከባዱ ዕቃ መሀል፣ ወለሉ ላይ ይቀመጥ። ከታንኳው ጠርዝ እስከ ውሃው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መቅረት አለበት፤ አንድ እጅ ጣቶቹን ዘርግቶ ከገባ በቂ ነው፣ ካልገባ ዕቃ ይቀነስ። የኋላው ሰው ይመራል፣ የፊተኛው ምቱን ይሰጣል፤ ሁለቱ ተናበው በተቃራኒ ጎን ይቅዘፉ። ነፋስ ከፊት ሲመጣ ዕቃውን ትንሽ ወደ ፊት ግፉት፤ አፍንጫው ከቀለለ ነፋሱ እንደ በር ያዞረዋል። ከኋላ ሲመጣ ደግሞ ወደ ኋላ መልሱት። ሞገዱን በጎን መቀበል ነው የሚገለብጠው፤ በሰያፍ ሰንጥቃችሁ ሂዱ፣ መድረሻው ቢርቅም። ከሁሉ በፊት ግን ነፋሱ ሲነሳ ተንበርከኩ። መቀመጫው ላይ ያለ ሰው ክብደቱ ከፍ ብሎ ነው፣ የተንበረከከ ሰው ክብደቱ ወለሉ ላይ ነው። ከተገለበጠ ታንኳውን ይዛችሁ ቆዩ፤ ይንሳፈፋል፣ ከሩቅም ይታያል። ዳሩ ቅርብ የሚመስለው ሁልጊዜ ነው።

ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ወደ ውሃ ይመለሳል። ዳሩ ላይ ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ ቦዮች መሀላቸው ሣር ቀርቶ ካያችሁ የእሱ መንገድ ነው፤ እዚያ ታንኳ አይወርድም፣ ቁርስም አይበላም። በእሱና በጥልቁ ውሃ መሀል መግባት ትልቁ ስህተት ነው፤ የሚሸሸው ወደ ጥልቁ ስለሆነ መንገዱ ላይ ናችሁ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ልምድ ያላቸው መሪዎች የጉልበት ያህል በሆነ ውሃ፣ ዳሩን ታክከው በአንድ መስመር ይሄዳሉ። ጉማሬ በዚያ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መደበቅ አይችልም፣ ጥልቁም ለእሱ ይቀራል። መታጠፊያ ሲደርሱ በመቅዘፊያው እጀታ የታንኳውን ጎን ቀስ ብለው ያንኳኳሉ፦ ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ውሃ ሥር ያለው ይሰማና አናቱን ያወጣል። ማንኳኳቱ ለማስደንገጥ አይደለም፤ ሳያውቁት ከላዩ ላይ እንዳይደርሱ ነው።

ራሶቹ ሲወጡ ቁጠሩ፤ አሁንም ቁጠሩ። አምስት አይታችሁ አራት ከቀሩ አንዱ ከሥር ነው፣ እስከ አምስት ደቂቃም ሊቆይ ይችላል። ወደ እናንተ የሚሄድ የአረፋ መስመር ካያችሁ አትከራከሩ፤ ወደ ዳር ቅዘፉ። አፉን መክፈቱ ማዛጋት አይደለም፣ ማስፈራሪያ ነው። እኛ የምንለው ርቀት ከ50 ሜትር ያላነሰ ነው፤ ግልገል ካለ እጥፉን። ጥሩ ፎቶ የሚገኘው በሌንስ ነው፣ በመጠጋት አይደለም።

ስለ አዞ አጭሩ ይበቃል፦ እጅ ውሃ ውስጥ አይንጠልጠል፣ አሣ በምትወርዱበት ቦታ አይታጠብ። የአሣ ሆድ ዕቃ በተጣለበት ዳር ነገ የሚወርደው ሌላ ሰው ነው።

ወደ ማጥመዱ እንምጣ። ለቆሮሶ ወፍራም ነገር አያስፈልግም። 0.25 ሚሊ ሜትር የናይለን ክር፣ ቁጥር 8 ወይም 10 መንጠቆ፣ የምስር ፍሬ የምታህል እርሳስ፣ ከላይ ቡሽ። የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ አትርሱ፤ ብዙ ሰው ተሳስቶ ቁጥር 2 ገዝቶ ይመጣና አሣው ማባበያውን ብቻ እየበላ ሲያውለው ይውላል። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው፣ ይቆነጥራል እንጂ አይውጥም። ቡሹ ሲንቀጠቀጥ አትሳቡ፤ በጎን ሲሄድ ወይም ሲሰምጥ ብቻ አንጓችሁን ቀለል አድርጋችሁ አንሱ።

ማባበያው የመሬት ትል ወይም ሊጥ ነው። ሊጡ ውሃ ውስጥ ወዲያው ይሟሟል የሚለው ቅሬታ መድኃኒት አለው። ሁለት እፍኝ የስንዴ ዱቄት በጥቂቱ ውሃ ጠንከር አድርጋችሁ አቡኩ፤ ከዚያ አውራ ጣት የምታህል ባዘቶ በእጃችሁ በታትናችሁ አብራችሁ እሹት። ጥጡ በሊጡ ውስጥ እንደ ጅማት ይሆናል፤ ሽምብራ የምታህል ድቡልቡል መንጠቆው ላይ ሩብ ሰዓት ትቆያለች። እናቶች ለፈትል ያዘጋጁትን ባዘቶ ለዚህ ስትጠይቁ ምክንያቱን አስረዱ።

ቋጠሮው ላይ ነው አሣ የሚያመልጠው። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አስገቡ፣ ጫፉን በዋናው ክር ላይ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ጠምዝዙ፣ ከመንጠቆው አጠገብ ባለችው ክፍተት መልሱና አሁን በተፈጠረው ትልቁ ቀለበት አሳልፉ። ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በፍትጊያ ይሞቃል፣ የሞቀው ቦታ ይዳከማል፤ በኋላ «ክሩ መጥፎ ነው» የሚባለው እዚያች ላይ የተበጠሰው ነው።

ቆሮሶ የሚገኘው ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር በሆነ ውሃ፣ በቄጤማና በሸምበቆ ጠርዝ ነው። ጥቁርና ነጭ የሆነችው አሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ቆማ ክንፏን ስታርገበግብ ካያችሁ ከሥሯ ትናንሽ አሣ አለ። ዝርግ አሸዋ ላይ ክብ ጉድጓድ ከታየ ደግሞ ወንዱ የሠራው ጎጆ ነው። ሴቷ እንቁላሏንም ጫጩቷንም በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፣ ያን ጊዜም አትበላም፤ ስለዚህ በመንጠቆ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ጎጆውን የሚጠብቀው ወንድ ነው። ጎጆዎቹ ላይ ተቀምጦ ማጥመድን አንወድም። ከአንድ ስንዝር ያነሰውን ሁሉ እጃችሁን አርጥባችሁ ይዛችሁ መልሱ፤ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፈዋል።

አምባዛ ከፈለጋችሁ 0.45 ክር፣ መንጠቆ 2/0፣ የዶሮ አንጀት፣ ወለሉ ላይ የሚያርፍ እርሳስ። ከጎኑ ያሉት ሁለት እሾሆች ሲደነግጥ ተገትረው ይቆለፋሉ፤ ከኋላቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣትን አግብቶ መያዝ ነው። አየር ስለሚተነፍስ ከውሃ ወጥቶ ብዙ ይቆያል፤ ታንኳ ውስጥ እንዲንፈራገጥ አትተዉት፣ አናቱን መትታችሁ ገላግሉት።

የያዛችሁትን ወዲያው ግደሉ፣ ደሙን አፍስሱ፣ በረዶ ባለው ሳጥን ውስጥ አድርጉ። በረዶ ካጣችሁ እርጥብ ጆንያ ጥላ ሥር ይሠራል፣ ግን እስከ እኩለ ቀን ብቻ። ሆዱን ስትከፍቱ ልብ አካባቢ የተጠቀለለ ቢጫማ ትል ልታዩ ትችላላችሁ፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የተለመደ ነው፣ ዑደቱም አሣ በሚበሉ ወፎች በኩል ያልፋል። አውጥታችሁ ጣሉት፣ ሥጋውንም እስከ አጥንቱ አብስሉት። ጥሬውን በዳጣ የምትወዱ፣ የዚህን ተዉት። ቆቃ ላይ ውሃው አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት ከመሰለ መርዝ ሊኖረው የሚችል ጥቃቅን ፍጥረት በዝቷል ማለት ነው። መርዙን ማፍላት አያጠፋውም፤ እዚያ አታጥምዱ፣ ልጆች እጃቸውን እንዳይነክሩበት፣ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር የመጠጥ ውሃ ከቤት ይያዝ። ከየትኛውም ቦታ ቢወጣ የአሣውን ጉበትና ሆድ ዕቃ አትብሉ። አንገቱ ላይ ከረጢት የተንጠለጠለበት አባ ኮዳ ዳር ላይ ቆሞ ሆድ ዕቃውን ይጠብቃል፤ አትመግቡት፣ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ወፍ የመንጠቆ ቁራጭም ይውጣል። የተበጠሰ ክርም ዳር ላይ አይቅር፤ በእግሩ ላይ ከተጠመጠመ አይፈታውም።

ሐይቁ ዳር ወባ አለ። ስለዚህ የሚያድር ሰው አጎበር ይያዝ፤ ቢልሃርዝያ በቀንድ አውጣ በኩል ስለሚተላለፍም ቀንድ አውጣ በበዛበት የቆመ ውሃ ውስጥ በባዶ እግር አይቁም።

4 ሰዓት ላይ ነፋሱ ገና ፊታችሁ ላይ ሲሰማ ውጡ፤ «አንድ ጊዜ ብቻ ልጣል» የሚለው ነው የሚያቆየው። ታንኳውን ከመኪናው ላይ ከማሰራችሁ በፊት ገልብጡት፣ መቀመጫው ሥርና ገመዱ ውስጥ በእጃችሁ ዳስሱ። እምቦጭ ቆቃ ላይ ለዓመታት ኖሯል፤ ሥር ያላት አንዲት ቅርንጫፍ እርጥብ ሆና ከተጓዘች በሚቀጥለው ቅዳሜ ባቦጋያ ላይ ትወርዳለች። ያገኛችሁትን ከውሃው ርቆ ደረቅ መሬት ላይ ጣሉት፤ ታንኳው ፀሐይ ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ሌላ ሐይቅ አይግባ።