አምባዛው አፉን የዘጋ ዕለት

ባዶ የውሃ ጠርሙስ የየትኛውም ፋብሪካ ይሁን፣ ባሕር ዳር ላይ ስሙ ሃይላንድ ነው። እኔና አሥራ አራት ተማሪዎቼ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሃይላንድ ስንለቅም ከረምን። ከጣና ዳር ካፌዎች፣ ከሠርግ ቤት፣ ከቆራሌው ሳይቀር። ቆራሌው እንኳ በነጻ አልሰጠንም። እንዲያውም የሥዕል መምህር መሆኔን ሲሰማ ዋጋ ጨመረብኝ።

የምንሠራው ሦስት ሜትር የሚሆን አምባዛ ነው። እኔ ጉማሬ አስቤ ነበር፤ ልጆቹ እጅ አውጥተው አሸነፉኝ። አጥንቱ የተሰነጠቀ ቀርከሃ፣ ሥጋው ሃይላንድ፣ ቆዳው ቆርኪ፣ ጺሙ ደግሞ የተጣለ የኤሌክትሪክ ገመድ። የቢራውን ቆርኪ በመዶሻና በምስማር እንበሳዋለን። የሃይላንዱን ክዳን ግን በጋለ ምስማር ነው፤ ቀዳዳው ወደ ጠርዙ ከተጠጋ ሽቦው ሲጠብቅ ይተረተራል። ይህንን ያወቅነው ግማሽ ማዳበሪያ ክዳን ካበላሸን በኋላ ነው።

መጀመሪያ ቀን ስለ ኤል አናትሱይ አውርቼላቸው ነበር። ናይጄሪያ የኖረ ጋናዊ ነው። ከብዙ ረዳቶች ጋር የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን እየደፈጠጠ በመዳብ ሽቦ ያያይዛል፤ ግድግዳ የሚያክል ጨርቅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጣሊያን የሚካሄደው ትልቁ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ፣ የቬኒስ ቢየናሌ፣ ለዕድሜ ልክ ሥራው የወርቅ አንበሳ የተባለውን ሽልማት ሰጥቶታል። የሚገርመው ሥራው ቁርጥ ያለ ቅርፅ የለውም፤ የሚሰቅሉት ሰዎች እንደመሰላቸው ያጣጥፉታል። "የብዙ እጅ ሥራ ማለት እንዲህ ነው" ብያቸዋለሁ። አፍ ምን ይሳነዋል!

መንጋጋው ለአንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ደረሳት። ዝምተኛ ናት። የተከፈተውን አፍ በሰማያዊ ሲባጎ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ወጥራ፣ መሃል ላይ ጠምዝዛ፣ ትርፉን እንኳ ሳትቆርጥ ተወችው። ውስጡ የሸረሪት ድር መሰለ።

"ትንሽ አልተዝረከረከም?" አልኳት።

"አይ ቲቸር፣ ይሁን።"

ተውኩት። ማለቴ፣ የተውኩት መሰልኩ።

እንግዶች ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር፣ ማታ ብቻዬን ተመለስኩ። የስልክ መብራትና መቀስ ይዤ። የተንጋደደ የቆርኪ ረድፍ አቃናሁ። ቀይና ቢጫ ተደባልቆ የነበረውን ለየሁ። ከዚያ እጄን አፉ ውስጥ ከትቼ ሲባጎውን ቀጭ ቀጭ አደረግሁት። አፉ ጠራ፣ አማረ። ፎቶ አነሳሁ። ጥበቃውን ደህና እደር ብዬ ሄድኩ።

ጠዋት ስመጣ አምባዛው አፉን ዘግቶ ጠበቀኝ። ሌሊት ነፋስ ነበር። የላይኛው መንጋጋ ወደ ጎን ተንጋዶ ወድቋል፤ አንዱ ጺም መሬት ይጠርጋል። አራት ማዕዘን እንጨት ሰያፍ ማሰሪያ ከሌለው እንደሚንጋደድ መች አጣሁት? ለሥዕል ፍሬም ስንቱን ሠርቻለሁ። የልጅቱ ሲባጎ ግን ማሰሪያ ሆኖ አልታየኝም። ጉድፍ ሆኖ ነው የታየኝ።

አጠገባችን ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። ጎንበስ ብለው አፉን አዩት።

"የልጅቱ እስር የት ሄደ? እሱ እኮ ነበር የያዘው።"

ዕድሜ ልካቸውን ደንገል ሲያስሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ታንኳ ምስማር የለው፣ ኮላ የለው፤ እስሩ ከተፈታ የደረቀ ደንገል ክምር ነው። ለካ እሳቸው ከሩቅ ሲያዩ እኔ ከቅርብ አላየሁም።

ልጅቱ መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ "ገመዴን ማን ቆረጠው?" አለች።

ዝም አልኩ። ጥበቃው ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ለምን?"

"እንዲያምር ብዬ።" ሌላ የምለው አጣሁ። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። የቆርኪውን ረድፍ አየችው፤ እሱንም መነካካቴ ገባት። ሌሎቹም ልጆች መጥተው የየራሳቸውን ይፈልጉ ጀመር። "ቲቸር፣ የኔ ቀይ የት ገባ?" የሚለውን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጠርኩም።

እንግዶቹ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ አርባ ደቂቃ ቀርቶናል። አባባ ከታች፣ እኔ ከላይ ሆነን መንጋጋውን ቀና አድርገን ያዝን። ልጅቱ ሲባጎውን በጥርሷ ነክሳ አፉ ውስጥ ገባች። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን፣ እንደገና ከማዕዘን ወደ ማዕዘን። አባባ "እሱን አጥብቂው፣ ጎሽ" ይሏታል። ክንዴ እየተንቀጠቀጠ ነው። ስትጨርስ ትርፉ ስንዝር ያህል ተንጠለጠለ። ሳላስበው አንድ እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ።

"ቲቸር" አለች ከውስጥ። "መቀሱን ለኔ ይስጡኝ።"

ሰጠኋት።